የገበጣ ስንቅ

(ደብረ ብርሃን፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ። በሻይ ዕረፍት የፊዚክስ መምህሩ ማንደፍሮ፣ ላፕቶፕ ከፍታ በተቀመጠችው የአማርኛ መምህርት ስንዱ ፊት ቆሟል።)

ማንደፍሮ፦ አውርጂው ነው የምልሽ። ዛሬውኑ!

ስንዱ፦ ምኑን? መጋረጃውን?

ማንደፍሮ፦ አትቀልጂብኝ። ጨዋታውን። ኢንተርኔት ላይ የሰቀልሽውን ገበጣ።

ስንዱ፦ ቅዳሜ ከየከተማው ከተሰቀሉት ጨዋታዎች ተመርጦ የድረ ገጹ ፊት ገጽ ላይ ሊወጣ፣ ሐሙስ ላውርደው? መጀመሪያ ተቀመጥ። ቆመህ ስታወራ የምትፈትነኝ ይመስለኛል።

ማንደፍሮ፦ አልቀመጥም። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። እስከ ጥቅምት ድረስ በዚህ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ጨዋታ የሚሠራ ስንት ሰው ነበር?

ስንዱ፦ አንድ።

ማንደፍሮ፦ ማን?

ስንዱ፦ አንተ።

ማንደፍሮ፦ ምን ጨዋታ?

ስንዱ፦ ገበጣ፣ ሲባል ሰምቻለሁ። ያየ ሰው ግን የለም።

ማንደፍሮ፦ አላለቀማ!

ስንዱ፦ ከጀመርከው ስንት ዓመት ሆነህ?

ማንደፍሮ፦ ሦስት። እያንዳንዷን መስመር በእጄ ነው የጻፍኳት። ጠጠሩ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚወድቅበትን ፍጥነት፣ ጥላውን ሳይቀር አስልቼ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስንዱ፦ ሦስት ዓመት የታቀፉት እንቁላል እኮ ማንዴ፣ በእግሩ አይሄድም። ይሸታል።

ማንደፍሮ፦ ተሳለቂ። አንቺ ምን አለብሽ! በጥቅምት ጀምረሽ በጥር ጨረስሽ። ለዚያውም በሕፃን መጫወቻ። ትእዛዝ የተጻፈበት ቀይ ጡብ፣ ሰማያዊ ጡብ፣ ስክሪን ላይ እየጎተቱ አንዱን ካንዱ ማገጣጠም። ይሄ ፕሮግራም መጻፍ ነው ወይስ ጥልፍ?

ስንዱ፦ ጥልፍ ቢሆንስ? የተጠለፈ ይለበሳል። ያንተን ማን ለበሰው?

ማንደፍሮ፦ መሠረት የሌለው ቤት ነው የሠራሽው።

ስንዱ፦ መሠረቱን ፍለጋማ መጀመሪያ አንተ ጋ ነበር የመጣሁት። ረሳኸው? "ጨዋታ መሥራት አስተምረኝ" ስልህ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትራስ የሚያህል መጽሐፍ አሸከምከኝና "ይሄን ስትጨርሺ ተመለሺ" አልከኝ።

ማንደፍሮ፦ እኔም በሱ ነው የጀመርኩት። የት አደረስሽው?

ስንዱ፦ የወጥ ቤቱን በር ነፋስ እንዳይዘጋው አስደግፌዋለሁ።

ማንደፍሮ፦ የኔን መጽሐፍ?

ስንዱ፦ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬበት ነው። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና የልቤን እንዳለ ጻፍኩት፤ "ምንም የማያውቅ ሰው ጨዋታ እንዴት ይሠራል?" አንዲት የጅማ ነርስ ያዘጋጀችው ቪዲዮ መጣልኝ። በአማርኛ ነው የምታስረዳው። ጡቦቹን እያገጣጠመች አንዲት ዶሮ ስታስኬድ አየኋት። ከሥሩ የቴሌግራም ቡድናቸው አድራሻ አለ። ገባሁ። ይኸው ነው።

ማንደፍሮ፦ ይኸው ነው! ይኸው ነው ትላለች! እኔ ሦስት ዓመት ስዳክር ማንም ቪዲዮ አልመጣልኝም።

ስንዱ፦ ጠይቀህ ታውቃለህ?

ማንደፍሮ፦ ምን ብዬ?

ስንዱ፦ አላውቅም ብለህ።

ማንደፍሮ፦ ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ጨዋታሽን እያመሰገነ ስምሽን ሦስት ጊዜ ጠራ። ይሁን። ማክሰኞ አሥራ አንደኛ ቢን ስለ ግጭት እያስተማርኩ ከዴስክ ሥር ምን ሲያደርጉ አገኘኋቸው? ያንቺን ገበጣ! እሱም ይሁን፣ ተማሪ ናቸው። ግን ጽጌ!

ስንዱ፦ ባለቤትህ ምን አደረገች?

ማንደፍሮ፦ ትናንት እራት ላይ ከስልኳ ቀና አላለችም። ድንገት "በላሁት!" ብላ ጮኸች። እኔ ሞኙ ድስቱን አየሁ። የአራት ጉድጓድ ጠጠር ነው ለካ የበላችው። ከዚያ አየት አደረገችኝና "ስንዱ እኮ ጎበዝ ናት" አለችኝ። ለኔ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ!

ስንዱ፦ ያንተን አሳየኝ ብላህ አታውቅም?

ማንደፍሮ፦ አንዴ ብላኝ ነበር።

ስንዱ፦ ምን አልካት?

ማንደፍሮ፦ አላለቀም።

ስንዱ፦ እኛ ዘንድ ይህቺ ቃል ታስቀጣሃለች። የቡድናችን ስም ራሱ "ሳያልቅ አሳይ" ነው። ዓርብ ማታ ማታ ሁሉም ሰው ያልጨረሰውን ያወጣል። አልቆለት የመጣ "ምነው ዘገየህ?" ይባላል። እኔ መጀመሪያ ያወጣሁት ወደ ኋላ የምትሄድ ዶሮ ነበር። ሳቁብኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ የሐረር ልብስ ሰፊ የትኛውን ጡብ ገልብጬ እንዳስገባሁ ነገረኝ።

ማንደፍሮ፦ እኔ ገመናዬን ለማላውቀው ሰው አልዘረጋም።

ስንዱ፦ ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንተ ሃምሳውንም ብቻህን ተሸክመህ ዳገት ትወጣለህ፤ ከዚያ ሜዳ ላይ የሚጨፍረውን ታያለህና ትናደዳለህ።

ማንደፍሮ፦ ሎሚው ግን የማን ነበር? አምና ፈተና ስንጠብቅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ በቆርኪ ገበጣ ማን አስተማረሽ?

ስንዱ፦ አንተ።

ማንደፍሮ፦ በቃ። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ስንዱ፦ ገበጣ ያንተ ወርቅ ነው? ድንጋዩን የፈለፈሉት ሰዎች ቢሰሙህ! ሐሳቡ ግን ካንተ መጣ፣ አልክድም። ለዚህም ነው ከጨዋታው ሥር ስምህን ልጻፍ ብዬ የለመንኩህ። ምን አልከኝ?

ማንደፍሮ፦ በሕፃን ጡብ ላይ ስሜ እንዳይጻፍ አልኩሽ። አሁንም እንዳይጻፍ! እንከኑ ብዙ ነው።

ስንዱ፦ ነበር። ታዛቢ ዕድሜ ይስጠውና፣ አብዛኛውን አቃንቻለሁ።

ማንደፍሮ፦ ማ... ማን ይስጠውና?

ስንዱ፦ ታዛቢ። በዚህ ስም ቡድኑ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ማንነቱን የሚያውቅ የለም። ምላሱ ሚጥሚጣ ነው።

ማንደፍሮ፦ ምን ይላል?

ስንዱ፦ "ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ጠጠር ሲታደል አንዷ ትጠፋለች፤ ሠሪዋ መቁጠር የምትችል አይመስለኝም።" እንዲህ አለኝ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥዬ ቆጠርኩ። እውነቱን ነው፣ አንዷ ትጠፋለች።

ማንደፍሮ፦ ዙሩ ሞልቶ መነሻዋ ጉድጓድ ላይ ስትደርስ ነዋ። መዝለል ሲገባት እዚያ ትወድቅና ትደመሰሳለች።

ስንዱ፦ የት እንደምትጠፋ ነገርኩህ እንዴ?

ማንደፍሮ፦ ገመትኩ። ፊዚክስ ነው።

ስንዱ፦ ይሁን፣ ፊዚክስ ነው።

ማንደፍሮ፦ ሌሎቹስ ምን አሉ? ስለዚያ... ስለ ሰውዬው።

ስንዱ፦ ገሚሱ ይባረር አለ። የጅማዋ ነርስ ግን "ይሄ ሰው ወይ አንቺን በጣም ይጠላል፣ ወይ ጨዋታሽን በጣም ይወዳል፤ እንዲህ አድርጎ የሚያይልን ሌላ የለንም" አለችኝ።

ማንደፍሮ፦ አንቺስ?

ስንዱ፦ እኔማ "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብዬ ጸለይኩ።

ማንደፍሮ፦ ምቀኛ መሆኑን በምን አወቅሽ? ሐቀኛ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስንዱ፦ ጥፋቴን አንድም አያልፍም፤ "ይቺስ ጥሩ ናት" ብሎ ግን አያውቅም። ጠልቶት ይተወዋል ስል ደግሞ አይተወውም። ጨዋታው የውጤት ሰሌዳ አለው፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተጫወተ ይመዘግባል። ጽጌ ሃያ ሦስት። ነርሷ አርባ። ታዛቢስ?

ማንደፍሮ፦ ሰሌዳው ሊሳሳት ይችላል።

ስንዱ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።

ማንደፍሮ፦ ስህተት የሚገኘው በመደጋገም ነው። አንድ ጊዜ አይቶ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም።

ስንዱ፦ ለማን ነው የምትሟገተው?

ማንደፍሮ፦ ለሳይንስ።

ስንዱ፦ እንግዲያው ባለፈው ሳምንት ሳይንስ የጻፈልኝን ላንብብልህ። "ይህች ሠሪ ገበጣ አታውቅም። አሸናፊው ለተሸናፊው አንድ ጠጠር ስንቅ ካልሰጠ ጨዋታው አላለቀም።" ቡድኑን ጠየቅኩ። የሐረሩ ሰምቼ አላውቅም አለ። የጅማዋም እንደዚያው። አንዱ የጎጃም ልጅ "ያሸነፈ ጠራርጎ ይሄዳል እንጂ የምን ስንቅ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ማንደፍሮ፦ ደንቡን አያውቁማ!

ስንዱ፦ አያውቁም። እኔም ከአንድ ሰው በቀር ከማንም ሰምቼው አላውቅም። አምና፣ ደረጃው ላይ፣ ቆርኪዬን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ በላኝና አንዷን መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጣት። "በእኛ መንደር፣ በአንጓች ሜዳ፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን አይሸኝም። ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ስንቅ ይሰጠዋል" አለኝ።

ማንደፍሮ፦ ሻይሽ ቀዘቀዘ።

ስንዱ፦ ይቀዝቅዝ። ታዛቢ አንተ ነህ።

ማንደፍሮ፦ አውቀሽ ነው ሳምንቱን ሙሉ "እንደምን አደርክ" የምትዪኝ?

ስንዱ፦ እንዳወቅሁብህ ከነገርኩህ መጻፍ ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ። ያንተን ዓይን ሌላ የት አገኛለሁ?

ማንደፍሮ፦ ማታ ማታ እየተደበቅኩ እጫወተዋለሁ። አንድ እንከን ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በማግሥቱ አስተካክለሽው ሳይ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቅናት ነው ስንዱ። ታዛቢ ብዬ ክርስትና አነሳሁት እንጂ ቅናት ነው።

ስንዱ፦ እሺ። አወርደዋለሁ።

ማንደፍሮ፦ ምን አልሽ?

ስንዱ፦ ሐሳቡ ያንተ ነው። ያንተን አሳየኝና ከኔ ከተሻለ አሁኑኑ ላውርድ፤ ቅዳሜ ያንተ ይውጣ። የምሬን ነው።

ማንደፍሮ፦ አላ...

ስንዱ፦ እሷን ቃል እንዳትጨርሳት! ምን ምኑ ይሠራል?

ማንደፍሮ፦ ጠጠሩ ይወረወራል።

ስንዱ፦ ከዚያስ?

ማንደፍሮ፦ ይወድቃል።

ስንዱ፦ ይበላል?

ማንደፍሮ፦ ገና ነው።

ስንዱ፦ ተራ ይቀያየራል?

ማንደፍሮ፦ እሱም ገና ነው።

ስንዱ፦ ማሸነፍስ ይቻላል?

ማንደፍሮ፦ መሸነፍም አይቻልም። ግን ሲወድቅ... ሲወድቅ ድምፁ እውነተኛ ነው። ክረምት ላይ አንጓች ሜዳ ወርጄ ከአባቴ ገበጣ ላይ ነው የቀዳሁት። ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ይጮኻል። ሁለት ጠጠር ላይ ሲወድቅ ይሳሳል። ጉድጓዱ ሲሞላ ደግሞ ድፍን ይላል። ሌላ ሰው አይለየው ይሆናል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

ስንዱ፦ የሰኞ አስተያየትህ ምን ነበር የሚለው?

ማንደፍሮ፦ "ይህ ጨዋታ ዲዳ ነው።"

ስንዱ፦ የኔ ዲዳ ነው። ያንተ ደግሞ ድምፅ ብቻ ነው።

ማንደፍሮ፦ ይህን ለጽጌ እንዳትነግሪያት።

ስንዱ፦ እኔ ምን አገባኝ። ና፣ ይኸው ላፕቶፑ። ማጥፊያው እዚህ ጋ ነው። ይውረድ ካልክ ራስህ ተጫነው። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ማንደፍሮ፦ ቆይ። ይህቺ ከታች ያለችው ጽሑፍ ምንድን ናት? ትናንት አልነበረችም።

ስንዱ፦ ዛሬ ጠዋት ነው ያስገባኋት። አንብባት።

ማንደፍሮ፦ "ስንቅ፦ በአንጓች ሜዳ ደንብ።"

ስንዱ፦ አሁን የተሸነፈ ሁሉ አንድ ጠጠር ይዞ ይወጣል። ሲመለስ በሷ ይጀምራል።

ማንደፍሮ፦ የኔ ስም የለበትም።

ስንዱ፦ እንዳይጻፍ ብለሃል። ስለ መንደርህ ግን ያልከው ነገር የለም።

ማንደፍሮ፦ አባቴ ይህን ቢያይ... ተይው። ስንዱ፣ እዚህ ውስጥ ስንት ድምፅ ይገባል?

ስንዱ፦ ስንት አለህ?

ማንደፍሮ፦ ሠላሳ ስድስት። እየጎተቱ ማገጣጠም ነው አይደል? ቀዩን ከሰማያዊው?

ስንዱ፦ የድምፁ ጡብ ሐምራዊ ነው። አሳይሃለሁ፤ ትራስ የሚያህል መጽሐፍ አላሸክምህም። ነገ ዓርብ ነው፣ እንደነገሩ አድርገን ለቡድኑ እናሰማቸዋለን። ድምፆቹ ቤት ናቸው?

ማንደፍሮ፦ ያዢ። ሁሉም እዚህ ፍላሽ ውስጥ አሉ።

ስንዱ፦ ውይ! ፍላሹ ምነው እንዲህ ሞቀ?

ማንደፍሮ፦ "ዲዳ ነው" ካልኩበት ከሰኞ ጀምሮ ከኪሴ አልወጣም።