የማይረሳው ሞዴል

— ሄሎ?... አቤት፣ እኔ ነኝ። ውይ፣ አዲሱ ፕሮግራመራችን! ሥራ በጀመርክ በሳምንትህ እሁድ ከሰዓት ትደውላለህ? እንዲህ ከሆነማ እኔንም ከወንበሬ ታነሳኛለህ!

— ቆይ አንዴ... (ወደ ሳሎኑ ዞራ) የኔ ጌታ፣ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርገው፣ ከመሥሪያ ቤት ነው!... እሺ፣ ቀጥል።

— ተማሪ ትምህርቱን ያውቀው እንደሆነ የሚገምቱልንን ሁለቱንም ሞዴሎች ፈተንካቸው? ጎሽ! የተማሪዎቹን የመጨረሻ መልሶች ደብቀህ «ይመልሱታል ወይስ ይስቱታል?» ብለህ አስገመትካቸው?... እና የትኛው አሸነፈ?

— የሚረሳው... ጠርጥሬ ነበር። ልጅ ካልደጋገመ ይረሳላ! ያኛው ግን አንዴ ካወቁ አወቁ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

— ምን?... የማይረሳው ከሁሉም በላይ የተሳሳተው በማን ላይ ነው?

— ተማሪ አንድ ነው ያልከው?... ክፍልፋይ ላይ ጎበዝ ናት። ታውቀዋለች ቢል ልክ ነው።

— አልሳተችም!... አልጮህኩም። መልሶቿን ክፈትና እያቸው። ምን ይላል?... ባዶ። አየህ? ፕሮግራሙ ባዶውን ሁሉ ስህተት ብሎ ቆጥሮባታል። ያልመለሰ ሰው ተሳሳተ ይባላል እንዴ?

— ሰልችቷት አይደለም ያቋረጠችው... ወንድሜ፣ ሞታለች።

— አዎ፣ ሞታለች... ማን ናት ነው ያልከው?

— ልጄ ናት። ፕሮግራሙን መጀመሪያ የሞከርነው በእሷ ነው። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ እግሯን እያወዛወዘች... ለዚህ ነው ቁጥሯ አንድ የሆነው... አሜን። አሜን... አንተ ምን አጠፋህ፣ ማን ነገረህ?

— አይሆንም፣ እሷን አታውጣት! የመለሰችው ይቆጠርላት። ባዶውን ብቻ ተወውና እንደገና አስላው። እጠብቃለሁ።

— (ወደ ሳሎኑ) ምንም አልሆንኩም... ስለ ሥራ ነው አልኩህ እኮ።

— እ?... አሁንም የሚረሳው? በሌሎቹ ልጆች ሁሉ?... እንግዲህ እውነቱ ያ ነው፣ እሱን እንወስዳለን። እኔ አዘንኩ ተብሎ የሌላ ሰው ልጅ በተሳሳተ ሞዴል አይማርም።

— አንድ ነገር ልጠይቅህ። የማይረሳው ዛሬ ስለ እሷ ምን ይላል?... ታውቀዋለች። እሺ... የሚረሳውስ?

— ግማሽ በግማሽ... በየቀኑ እየቀነሰ?... አፈር ውስጥ ሆናም ትረሳለች?

— አይ፣ ሞዴሉን አልወቅሰውም። እኔም ትናንት ሳቋን ላስታውስ ብዬ ቁጭ አልኩ... አልመጣልኝም። ፈራሁ።

— የነገውን ግምት? አትንገረኝ! ስማ፣ የማይረሳውን እንዳታጠፋው። ለሥራው አይደለም፣ ለእኔ ላክልኝ... ሞኝ በለኝ። በል፣ ደህና ዋል።

(ስልኩን ዘጋችው።)

— የኔ ጌታ፣ ሬዲዮኑን ዝጋውና ና እስቲ... ልጃችን እንዴት ነበር የምትስቀው?