በክርስትና ስሟ የጻፈችው ፍቅር

ስዊድንኛን ያለ አስተማሪ፣ ከጋዜጣ ብቻ ተምሬ ዛሬ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ደብዳቤ የምተረጉም ሰው ነኝ፤ ጆሮዬም ከእኔ ጋር አላረጀም። ወደ ሰፈሬ ወደ ሃሉንዳ በሚሄደው ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት እህትማማቾች ግን፣ የስዊድን ጋዜጣ ስለዘረጋሁ አማርኛ የማልሰማ መሰላቸው።

«ኢንተርኔት ላይ ልብ ወለድ በክርስትና ስምሽ ትጽፊያለሽ?» አለች ታላቂቱ።

«ማንም አያውቀውም ብዬ ነዋ።»

«ስትቆርቢ የምትጠሪው በምን ሆነና? ወለተ ሥላሴ ማን እንደሆነች ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል!»

«ታዲያ እነሱ እዚያ ድረስ ምን ሊያነቡ መጡ?»

«አትቀልጂ። የቴሌቪዥኑን ድራማ ሁለት ሴት ፖሊሶች ጽሑፍሽ ላይ ለምን ታፋቅሪያቸዋለሽ?»

«ድራማው ላይም ይዋደዳሉ እኮ። ገና ከመሳሳማቸው አንዷን ገደሏት። እኔ አስነሳኋት።»

«እማዬ ሳትሰማ አጥፊው።»

«አላጠፋም። ቴሌቪዥን ላይ እንደኔ ያለች ሴት ሁሌ ትሞታለች። እኔ ጋ ተጋብተው እዚሁ አልቢ ሰፈር ቤት ይከራያሉ።»

«እንደኔ አልሽ?»

«አዎ፣ እንደኔ።»

ታላቂቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«ምንም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ብቻሽን?»

«አንቺ ካልመጣሽ ብቻዬን።»

«እመጣለሁ። ያንን የተቀደደ ጂንስሽን ግን እንዳትለብሺ!»

ሃሉንዳ እስክወርድ ድረስ አላሳልኩም፣ ዞር ብዬ አላየሁም፣ ከጋዜጣው አንዲት መስመር አላነበብኩም፣ ወለተ ሥላሴ የሚለውን ስም ግን ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ እንድፈልገው በቃሌ ያዝኩት።