አሮጌውን ሳያጎድሉ አዲሱን መሙላት

ወይዘሮ ሸዋረጋን ያንገበገባቸው አለመጠየቃቸው ነው። የኮምቦልቻ ምንጣፍ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው ሳሉ፣ የማኅበሩ ኢሜይል ከነበረበት ሊነሣ መሆኑን የሰሙት በ2003 ዓ.ም. ከደሴ ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ በአጋጣሚ ነበር። ከፊታቸው የተቀመጠችው የማኅበሩ ጸሐፊ መርየም፣ ኮምፒዩተር ተምራ የተመረቀች ልጅ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ በስልክ ታወራለች፦ «ዛሬ አዛውረዋለሁ። እትዬን ለምን ላስቸግራቸው፤ አይገባቸውም።»

«የማይገባኝ ምኑ ነው?» አሉ ሸዋረጋ ከኋላ። «ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮዬ አልተደፈነም!»

መርየም ደንግጣ ዞረች። «ውይ እትዬ! አፉ ይበሉኝ፤ አላየሁዎትም።»

«ማን ያየኛል! ይልቅ ንገሪኝ፤ ምኑን ነው የምታዛውሪው?»

«የኢሜይል ሳጥናችንን የሚያስቀምጥልን ድርጅት ሥራውን ሊያቆም ነው። ዝም ካልን እስከ ዛሬ የተላላክነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።»

«የአትጠገብም?»

መርየም አንገቷን ደፋች። አትጠገብ የሸዋረጋ የሥራ ባልንጀራ ነበረች፤ ካለፈች ወዲህ የእጇን ጥለት የሚያውቅ የለም። የመጨረሻ ምንጣፏ ባሕር ማዶ ተሸጦ፣ የቀረው ከአንድ ኢሜይል ጋር የተላከ ፎቶግራፉ ብቻ ነው። ሸዋረጋ ያንን እያዩ እንደገና ሊሠሩት ሱፉን ቀለም ውስጥ ነክረው ነበር።

«እንደዚያ ከሆነማ አትንኪው! ዕቃ ሲዛወር የሚቀር አለ። ማኅበሩን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስናወርድ ስንቱን ናሙና ዝናብ በላብን!»

«ይሄ እንደ ጭነት አይደለም እትዬ። የማዛውርበት ፕሮግራም ከአሮጌው ሳጥን አያወጣም፤ እያየ ወደ አዲሱ ይቀዳል። እርስዎ አንዱን ምንጣፍ አይተው ሌላ ሲሠሩ፣ የፊተኛው ይተረተራል?»

«ምን በወጣው!»

«ይኸውልዎ።»

«ቢሆንስ! አደራ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰጪም ተቀባይም ባሉበት ነው። ለዚህ ማን ሊቆምለት ነው?»

«ፕሮግራሙ የሁለቱንም ሳጥን ቁልፍ፣ የይለፍ ቃላቸውን፣ ይጠይቃል፤ በሁለቱም በር ገብቶ ያስተያያል። ደግሞ አስቀድሞ፣ ምንም ሳይነካ፣ ሊሠራ ያሰበውን ያሳየናል። ካልወደዱት እንተወዋለን፤ ወላሂ!»

ሰው የማያውቀውን ቢፈራ አይፈረድበትም፤ የሚያሳዝነው እያስረዱት አልሰማም ሲል ነው። የሸዋረጋ ምላስ ቢመርም ልባቸው ይሰማል። ቢሮ ድረስ ተከትለዋት ገቡ።

መርየም በኮምፒዩተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍታ ትእዛዝ ጻፈች። ፕሮግራሙ አልጫንም አለ፤ የሚደገፍባቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ጎድለውት ነበር።

«ድሩን ሳትወጥሪ ማጉን ታስገቢያለሽ እንዴ?» አሉ ሸዋረጋ።

«ልክ ነዎት» ብላ ሣቀችና አጋዦቹን አስቀድማ ጫነች። ሙከራውን አሳየቻቸው። «እሺ፣ ቀጥዪ» ሲሏት እውነተኛውን አስጀመረች። በመስኮቱ ላይ ጽሑፉ መስመር በመስመር ሲወርድ ቆይቶ፣ መብራት ጠፋ።

«አላልኩሽም! በላው!»

«መብራቱ ይምጣ ብቻ፣ እትዬ።»

መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደገመችው።

«አንቺ! እንደገና ከጀመርሽ ሁሉም መንታ መንታ ሊሆን ነው!»

«አይሆንም። የደረሰውን አይቶ ያልፈዋል፤ የጎደለውን ብቻ ይቀዳል።»

ሸዋረጋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ክር ሲበጠስባት ከተበጠሰበት የምትቀጥል ባለሙያ ናት በይኛ!»

ሥራው ሲያልቅ መርየም አዲሱን ሳጥን ከፈተች። የአትጠገብ ምንጣፍ ጥቁርና ቀይ ሆኖ ወጣ። አሮጌውንም ከፈተች፤ እዚያም እንዳለ ነው። ሸዋረጋ ጣታቸውን በጥለቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነዱ።

«ያስተማረችሽ እናት ትባረክ» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ስንሞት እጃችን አብሮን ይቀበር ነበር። አሁን ሳጥኑን የሚያስቀምጠው ድርጅት ቢዘጋ ሙያው አይዘጋም፤ ደንበኛውም የድሮውን ቢጠይቅ እናሳየዋለን። የፈራሁት እኔ ተሳስቻለሁ። ሳትነግሪኝ የተነሣሽው አንቺም ተሳስተሻል።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው የአዲሱን ሳጥን ቁልፍ ለእኔም ስጪኝ።»

«በወረቀት ልጻፍልዎ?»

«ወረቀትማ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ጎንበስ በይና በጆሮዬ ንገሪኝ!»