የአቶ አስፋ ዝግባና የቅዳሜው ደቦ

ባለፈው መስከረም ሐይቅ ዳር ባለችው በቨርሷ ከተማ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ከሔዋን ጋር ድንገት ተገናኘን። ሔዋን የጓደኛዬ የአቶ አስፋ የወንድም ልጅ ናት። ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ትኖራለች፤ ሙያዋ ዛፍ መንከባከብ ነው። በገመድ እየወጣች የታመመውን ቅርንጫፍ ትቆርጣለች። ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ወጥታ እንጀራዋን ማግኘቷ ለእኛ ዘመን ሰዎች እንግዳ ነገር ነው፤ እኔም እስክለምደው ጊዜ ወስዶብኛል።

«አጎቴ ዝግባውን ቅዳሜ በደቦ ሊቆርጡት ነው አሉ። ሰምተዋል?» አለችኝ።

አልሰማሁም ነበርና አብሬያት ወደ አጎቷ ቤት ሄድኩ።

አቶ አስፋ ጡረታ ከወጡ፣ ሚስታቸውም ከሞቱ ወዲህ እዚያው ቨርሷ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከጓሯቸው ጣሪያውን የሚያልፍ የሊባኖስ ዝግባ አለ። በነሐሴ ከሐይቁ የተነሣ ዐውሎ ነፋስ አንዱን ቅርንጫፍ ገንጥሎ፣ በጎረቤቱ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራው ጽዮን ልብስ በምታሰጣበት ቦታ ላይ ጣለው። ጽዮን የተረፈችው ስልክ ልታነሣ ገብታ ስለነበር ብቻ ነው።

ስንደርስ አቶ አስፋ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጋዝ ይሞርዳሉ። አጠገባቸው አዲስ መሰላል ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ማን ነው የሚወጣው?» አለች ሔዋን ሰላምታው እንዳለቀ።

«አበጀ ነዋ። ከሌሎቹ የማኅበራችን ወንድሞች ጋር አራት ሆነው ይመጣሉ። መሰላሉን በዚያ በወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ አስደግፈን አናቱን እናሳጥረዋለን። ጉለሌ ሳለን ባሕር ዛፉን ስንቆርጠው መልሶ ያቆጠቁጥ አልነበር?»

«ጋሼ አበጀ እኮ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዝግባ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። አናቱን ከቆረጡት ቁስሉ ውሃ ይዞ ወደ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ውሎ አድሮ በሰው ላይ ይወድቃል።»

«ወንድሞቼ እንርዳህ ብለው ተነሥተው ባዕድ ልጥራ? ነውር አይሆንም?»

ደቦ መልካም ባህል ነው፤ ስንት ቤት አቁሟል፣ ስንት አዝመራ ሰብስቧል። ነገር ግን ጤፍ ያጨደ ሁሉ ዛፍ ላይ ይውጣ ያለ የለም። ይህን በልቤ ያዝኩት፤ በዘመዳሞች ክርክር ፈጥኖ የሚገባ ሰው ከሁለቱም ይጣላል።

«ሰው ቢጎዳ መድን ድርጅቱ፣ እናንተ አሱራንስ የምትሉት፣ እርስዎን ነው የሚጠይቀው» አለች ሔዋን። «እስካሁን ለምን ለባለሙያ አላሳዩትም?»

አቶ አስፋ ሞረዱን አስቀመጡ።

«ባለሙያ ከመጣ ከሥሩ ይቆረጥ ይላል። ባለቤቴ የወይንሐረግ የመጨረሻ በጋዋን እዚህ ሥር ተቀምጣ ነው ያሳለፈችው። ወንበሯ እንኳ ካለበት አልተነሣም። እኔ ግማሹን ላተርፍ ብዬ ነው።»

ለካ ነገሩ ፍርሃት ኖሯል። አዘንኩላቸው።

«አስፋ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኳቸው።

ሔዋን ከቦርሳዋ የእንጨት መዶሻ አውጥታ ግንዱን ዙሪያውን እያንኳኳች አዳመጠች። «ግንዱ ጤነኛ ይመስላል። ከላይ ያለውን ግን ወጥቼ ካላየሁ አላውቅም። ከሥሩ ለመቁረጥ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ፣ ኦቶሪዛሲዮን፣ ያስፈልጋል፤ ማንም ተነሥቶ አይጥለውም። ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ልምጣ?»

አቶ አስፋ ዞረው ባዶውን ወንበር አዩ። «አንቺ ራስሽ ካለሽበት እሺ» አሉ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ደቦተኞቹም መጡ፤ አቶ አስፋ ከአጥሩ ጥግ ራቅ አድርገው አስቀመጧቸው። ሔዋን ወጥታ ወፍራሙን ቅርንጫፍ በገመድ አሰረችና መጋዟን አሳረፈችበት። ገና ሩቡን ሳትቆርጥ ቅርንጫፉ ጓ ብሎ ተሰብሮ በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ውስጡ ጠቁሮ በስብሷል። አቶ አበጀ ቅርንጫፉን አዩ፣ መሰላሉንም አዩ። «እኔ ነበርኩ እዚህ ላይ» አሉ ቀስ ብለው።

ዝግባው ዛሬም ቆሟል። የታመመውና የከበደው ብቻ ተነሣለት፤ በየሁለት ዓመቱም ባለሙያ ሊያየው ተወስኗል። ጽዮን ያለ ሥጋት ልብሷን ታሰጣለች። ደቦውም አልቀረም፤ ወንድሞች የወደቀውን ሰብስበው ጓሮውን ጠረጉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ባለቤቱን መጥራት ወንድምን መናቅ አይደለም፤ ወንድምን ማትረፍ ነው።

ያን ቅዳሜ ሥራው ሲያልቅ አቶ አስፋ ከዛፉ ሥር ያለውን፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር በእጃቸው ጠረጉት።

«አበጀ፣ ደክሞሃል» አሉ፤ «ና ተቀመጥ።»