ክሳት የቆመባቸው እመቤት

እንዴት ዋልሽ ዘይነባ? ልጆቹ ደኅና? ባልሽ ዓብዱላሂስ ወገቡን ተሻለው? እሰይ፣ እሰይ። እኔማ አለሁ፣ ተመስገን። አብሽ ልገዛ ብቅ ብዬ ነው፤ የአጥሚት ገብስም ካለሽ ትንሽ አድርጊልኝ። ለማን ይሆናል ብለሽ ነው? ለግርማ ነዋ፣ ለባሌ። ከአጥሚት በቀር የሚረጋለት ነገር ጠፋ። ዛሬ ደግሞ ጊደር መጋላ፣ ገበያው እንዴት ሞቅ ብሏል! እዚህ አጠገብሽ ያለው ጨርቅ ሻጭ ደጅ እንኳ ሰው ቆሟል። ያቺ ጀርባዋን የሰጠችን፣ ሰማያዊ ጨርቅ የምታገላብጠው ሴት ማን ናት?... ተይው፣ አትንገሪኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። እሷም እኛን የምትሰማ አትመስለኝም።

እኔ የምልሽ፣ ይኸ የጆንያ ሚዛን፣ ባስኩላችሁ፣ አሁንም ይሠራል? አሁን የሚመዘንበት ቡናና እህል ብቻ ነው በይኛ! ሳየው አንዲት ወዳጃችን ትዝ አሉኝ። ስም አልጠራም፤ ስም ምን ያደርጋል? አቦከር ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ውጭ አገር ሄዶ የሚታከመውን በሽተኛ የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ለሰው ማሰብ ሥራቸው ነው።

ያን ጊዜ እንዴት ያሉ ደርባባ ነበሩ አንቺ! በጀጎል ስርጥ መንገድ ከገቡ አህያ የጫነ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። በፍቅር ነዋ፣ ሌላ በምን ይሆናል? አንዴ ሠርግ ቤት አብረን አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እሳቸው ብድግ ሲሉ እኛ ሦስታችን መሬት ወረድን። ማን ተቆጣ? ማንም። ቀሚሳችንን አራግፈን ሳቅን፤ እሳቸውም ይቅርታ ሳይሉን ሳቁ።

ታዲያ ለኮሚቴው ከወዳጅ አገር፣ ከምሥራቅ ጀርመን፣ አንድ የሕክምና ዕድል መጣ። «ሆዱን ለታመመ አንድ ሰው» ተብሎ። ግርማ ደግሞ የበላው ሁሉ እየተመለሰበት ማስተማሩን ትቶ ቤት ከዋለ ቆይቷል። ሐኪሞቹም እዚህ መሣሪያው የለም፣ ውጭ ይሂድ ብለውታል። እኔ ሞኟ ሻንጣ ሁሉ ተውሼ ነበር፤ ሹራብ ሁሉ ሠርቼለት ነበር። ሰብሳቢያችን ግን አርቀው አሰቡ። የማይበላ ሰው ሆዱ ምን ይደረግለታል? መታከም ያለበት የሚሠራ ሆድ አይደል እንዴ? የእሳቸውን ሆድ የሚያህል ሠራተኛ ደግሞ በከተማው አልነበረም... እሑድ እንኳ አያርፍም። በዚያ ላይ መንገዱ ሩቅ፣ አገሩ ብርድ። ሌላ ሰው ልኬ ከሚጎዳብኝ ብለው ራሳቸው ሄዱ። እንዲህ ያለ ኃላፊ የት ይገኛል?

እዚያ ጨጓራቸውን ሰፍተው ሰፍተው ፍንጃል የምታህል አደረጉላቸው። ሦስት ጉርሻ ከገባ ሞላ! ራሳቸው ናቸው በስብሰባ ላይ የነገሩን፤ ስለ እርዳታው ስንዴ ተነጋግረን ስናበቃ። አገር ምድሩ ያለ ሐኪም በከሳበት ዓመት እሳቸው በሐኪም ከሱ። አጨበጨብንላቸው፤ ምን እናድርግ?

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መምጣት አልነበር ሥራቸው? የክሊኒኩን ሚዛን አላመኑትም፤ ምስክር የሌለበት መመዘን ምን ያደርጋል? ዓብዱላሂ የቡናውን ጆንያ አውርዶ እሳቸውን ደግፎ ያወጣ ነበር። መጀመሪያ የወጡ ዕለት ኩንታል አልፈው ምን ያህል እንደሄዱ ታስታውሻለሽ... እኔ ረስቼዋለሁ። ከዚያማ በየሳምንቱ መቅለጥ ብቻ! ዓብዱላሂ የሚዛኑን ብረት ወደዚህ ሲገፋ፣ ደግሞ ሲገፋ፣ በርበሬ ሻጮቹ እልል! አንቺስ ማሻአላህ ስትዪ አልነበር? እኔም እልል ብያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ቀሚሳቸውን መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ፣ ወስደው ያስጠብባሉ፤ ልብስ ሰፊው መርፌውን ሳያስቀምጥ ሰፋኝ ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ደስታ በሰፈራችን አልታየም።

ነገሩ ቀዝቀዝ ያለው ከመንፈቅ በኋላ ነው። በሳምንት ይሄድ የነበረው ብረት ያንኑ መንገድ በወር መሄድ ጀመረ። «ሐኪሜ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ኋላ ይዘገያል፣ ከዚያ ይቆማል። ሰውነት ብልህ ነው፤ ትንሽ ሲሰጡት በትንሽ መኖር ይማራል» አሉን። እኔ አምኛቸዋለሁ። ብልህ ሰውነት ነው ያላቸው፤ አንዴ የያዘውን የሚለቅ አይደለም።

ኋላማ ቅዳሜ መምጣቱ ቀረ። ማክሰኞ ሆነ፤ ገበያው ሳይሞላ፣ ነጠላ ተከናንበው... ከፀሐይ ለመሸሽ ይሆናል። ባስኩላውም ስሙ ጠፋ፤ ቡና የለመደ ሚዛን ሰው አያውቅም ተባለ። ምስኪን ዓብዱላሂ ጠረገው፣ ዘይት ቀባው፣ ከበታቹ ድንጋይ አስተካከለ። ብረቱ ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ማክሰኞ ደግሞ ጭራሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ዓብዱላሂም ነፋስ ነው ብሎ አለፈው። ባልሽ ጨዋ ነው።

ምን ቢበሉ ነው እንዳትዪኝ። ሦስት ጉርሻ ብቻ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐልዋ ግን ምግብ ነው እንዴ? አፍ ላይ ሟሙቶ ያልቃል። ማሩም፣ ስኳር የበዛበት ሻዩም፣ ለስላሳውም ፈሳሽ ነው፤ ስፌቱ አይዘውም፣ ሹልክ ብሎ ይወርዳል። ሹልክ የሚል ነገር ደግሞ ማንን ያወፍራል? እኔ እንዲያውም ከእሳቸው በላይ ጾመኛ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዕድል መጥቷል፣ ሰምተሻል? ያው አገር፣ ያው ሆዱን ለታመመ አንድ ሰው። ኮሚቴው ሰኞ ይቀመጣል። ስፌቱ ስለላላ ይጥበቅልኝ ብለዋል፣ ድጋሚ ሊሄዱ ነው የሚሉ አሉ... የሰው አፍ! እኔ ግን አላመንኩም። እንዴት አምናለሁ? ቸር ሴት ናቸው። ለመንገዱ የሚሆን ልብስ ሊያሰፉ ሰማያዊ ጨርቅ ሲመርጡ አየናቸው የሚልም አለ፤ እንዲህ የሚል ሰው ክፉ ነው። ስንት ሰማያዊ ጨርቅ የሚመርጥ ሰው አለ በገበያው!

ግርማን ደግፌ እዚህ ያመጣሁት ዕለት ትዝ ይልሻል? «አስካለ፣ እስቲ እኔም ልመዘን» አለኝ። አስተማሪ አይደል፣ ማወቅ ይወዳል። ዓብዱላሂ ብረቱን ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ... ከዚያ ዓይኑን ወደ ግንቡ መለሰ። ከወር በኋላ መልሼ ሳመጣው ያንኑ ያህል ወርዶ ነበር። ከዚያ በኋላም ያንኑ ያህል። እሱን የሚያዘገየው አልተገኘም፤ መጀመሪያ ይሮጣል ኋላ ይቆማል የሚባለው እሱ ጋ አልደረሰም። ብልህ አይደለም የሱ ሰውነት፤ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ እየጨረሰ ነው። ትናንት ሳጥበው የቀለበት ጣቱን ያዝኩት፤ ቀለበቱ እጄ ላይ ቀረ። እኔ እፈራለሁ ዘይነባ። በጣም እፈራለሁ። ይኸኛው ዕድል ካመለጠው ሌላ የሚጠብቅበት ሥጋ የለውም። ይኸን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ብቻ ነው... ለአንቺና ጆሮ ላለው።

ውይ፣ ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ያቺ ሴት ጨርቁን ጣለችው? ቀለሙን አልወደደችው ይሆናል። አትዙሪ፣ ተያት፣ እንግዳ ሰው አይታይም። ደግሞ ምን ክፉ ተናገርኩ? ከመጣሁ ጀምሮ የማወራው ምስጋና ነው፤ ጎረቤትሽ ጨርቅ ሻጩ ምስክሬ ነው።

በይ አብሹን ስጪኝና ልሂድ፤ ብቻውን ነው የተውኩት። እሳቸውን ካገኘሻቸው ግን ምርቃቴን አድርሺልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳታጎድዪ። እንዲህ በያቸው... ፈጣሪ የልብዎን ይሙላልዎ። የቆመብዎን ክሳት ያንቀሳቅስልዎ። ሁለተኛ ቢላ አያስነካዎ፣ በሰው አገር ብርድ አያንከራትትዎ። እዚሁ ሐረር፣ በገዛ ቤትዎ፣ በገዛ አልጋዎ ላይ፣ ማሩም ሐልዋውም ሳያስቆመው፣ ለግርማ የሰጠውን ክሳት አንድም ሳያጎድል ለእርስዎም ይስጥዎ። አሚን በዪ እንጂ ዘይነባ።