በገዛ ጠላዬ

ሠራዊቱ ደብረ ታቦር ላይ ሰፍሮ ሳለ ጠላ ቤቴ ወታደር ጠፍቶበት አያውቅም ነበር። እኔም እንደ ወጉ፣ መርዝ እንደሌለበት እንዲታይ፣ በመዳፌ ጠብ አድርጌ እየቀመስኩ ለሁሉም ስቀዳ እውላለሁ። አንድ ቀን ሁሉም ወጥቶ አንድ ወታደር ብቻ ቀረ። ልቀዳለት ስል ገንቦውን ከእጄ ወሰደው። «ይቀመጡ እሜቴ» አለኝ። ዋንጫውን ሞልቶ፣ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «እናቴ አገራችን አንበሳሜ ላይ ጠላ ትሸጣለች። ስትቀዳ እንጂ ሲቀዳላት አይቼ አላውቅም።»

ባሌ ከሞተ ወዲህ ለእኔም የቀዳልኝ አልነበረም፤ ጠላ ደግሞ ብቻን አይጠጣም። ተቀብዬ ገፋ አድርጌ ጠጣሁት። ወይ ጉድ! ጌሾው በዝቶበት እንደ ኮሶ ይመራል። በመዳፍ ጠብታ ለካ አይታወቅም።

«አንተ፣ ይህን ነው ስትጠጡልኝ የከረማችሁ?»

«ታዲያ ለጠላው ብለን የምንመጣ መስሎዎት ነው እሜቴ? ድንኳን ውስጥ ብቻን ከመቀመጥ ብለን ነው እንጂ።»

አፈርኩም ተናደድኩም። በነጋታው ጌሾ ቀንሼ ሌላ ጠነሰስኩ። ጠላው ሳይደርስ ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ዘመተ። ያ ጠላ እንዴት ያለ ግሩም ጠላ ወጣው መሰላችሁ! ይኸው ጋኑ እንደ ሞላ ተቀምጧል።