ከሁላችንም በላይ

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ያለች ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት አጠገቧ ለተቀመጡት የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ስልኳ ላይ ያለ ፎቶ አሳየቻቸው።

«አባባ፣ ለልጄ የመመገቢያ ወንበር ልገዛ ነው። አጭሩ ይሻላል ረጅሙ?»

«ረጅሙ ከእኔም አይበልጥ እንዴ?»

«ከጠረጴዛ እኩል እንዲሆን ነው።»

«ይሄ ማሰሪያስ?»

«ከመውደቅ ያድናል።»

«ካልሰቀሉት ከየት ይወድቃል?»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው በርኮታቸውን፣ የበና ወንድ ከእጁ የማይለያትን የእንጨት መቀመጫ፣ ከፍ አደረጉ።

«ሁለቱንም ተይው ልጄ። እንዲህ ያለች እኔ እጠርብለታለሁ። ይቀመጥባታል፤ ሲተኛ ይንተራሳታል፤ ከብት ሲያግድ ይዟት ይሄዳል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ግን እኮ ሴት ናት።»

«ሴት? በርኮታ ላይማ ሴት አትቀመጥም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ሕፃኗ ግን በርኮታዋን በሁለት እጇ ይዛ ጫፏን መጥባት ጀምራ ነበር። ሊያስለቅቋት ቢሞክሩ ሳቀችባቸው።

«ረጅሙን ግዢላት!» አሉ እየሳቁ። «ከሁላችንም በላይ ትቀመጥ! ማሰሪያውን ግን አጥብቂው፤ ይቺ ከወረደች የእኔን ትቀማኛለች።»

ጨዋታቸው እንዳያመልጠኝ ብዬ፣ መውረጃዬ ሲያልፈኝ እያየሁ አልወረድኩም።